ድምፅ የሚለየው በር

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የኮምፒዩተር ተማሪ ለፈተና የጻፈው ፕሮግራም ዓመቱን ሙሉ በገዛ ቤቱ ይሠራል፤ መሃል ላይ ፕሮግራሙን ያረመ ተማሪ ይወድቃል። ሕጉ ይኸው ነው። ማሕደር የጻፈችው በራቸው የቤተሰቡን ድምፅ እየለየ እንዲከፍት ነበር።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷን አቶ ድንበሩን ደጃፍ ላይ ዝናብ ሲመታቸው አገኘቻቸው። ጠዋት የፊት ጥርሶቻቸውን አስነቅለው ነበርና በሩ ድምፃቸውን አላወቀውም።

«ጥርሴን አስነቀልሁ እንጂ አባትነቴን አላስነቀልሁም በይው!» አሏት እየተኮላተፉ።

«አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ፣ አባዬ።»

«እንዳትነኪው! ለፈተናሽ ሁለት ወር ነው የቀረው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እስክትመጪ እዚሁ እቀመጣለሁ፤ ምን እሆናለሁ?»

ማሕደር ጋቢያቸውን ተቀብላ ጨመቀችው። ውኃው በደረጃው ሲወርድ አየች። ከዚያ በሩን «ክፈት» ብላው ገባችና ካቻቪቴ ይዛ ተመለሰች። የማጠፊያውን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታች፤ በሩን አንሥታ ከግድግዳው አስደገፈችው። ፕሮግራሙን አልነካችም።

አቶ ድንበሩ ሲገቡ የተደገፈው በር «ማነው?» አላቸው።

ቆም ብለው አዩት።

«አባቷ ነኝ» አሉትና አለፉ።