ዘንግና ሳሙና

ቀያሹና ዘንግ ያዡ አብረው ሲሠሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ቀያሹ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን ተክሎ፣ ጥላ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ዘንግ ያዡ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም ዘንግ ተሸክሞ፣ ቦይ ዘሎ፣ እሾህ ጥሶ፣ በተባለበት ይቆማል። ርቀቱ ስለማያነጋግር በእጅ ይግባባሉ። ቀኝ እጅ ሲነሳ ወደ ቀኝ፣ ግራ ሲነሳ ወደ ግራ፣ ባርኔጣ ሲወልቅ ምሳ ነው። ዘንግ ያዡን ቢሮው በሙሉ ዘንጌ ይለዋል።

አንድ ሰኞ ኃላፊዋ ሁለቱንም ጠርታ ሦስት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

"በእጅ የሚያዙ ናቸው" አለች። "ኢንተርኔት አላቸው። መሬቱን ለክተው ውጤቱን እዚያው ሜዳ ላይ ሆነው ለቢሮ ይልካሉ። ሦስት ሳምንት ሞክሯቸውና አንዱን ምረጡ። ጋሼ፣ ሪፖርቱን እርስዎ ይጻፉት።"

"ከዚያስ?" አለ ቀያሹ።

"ከዚያማ ለሜዳው አንድ ሰው ይበቃል። ሌላው ደመወዙ ሳይነካ መዝገብ ቤት ይገባል።"

ቀያሹ ዘንጌን በጎን አየውና ሆዱ ባባ። መዝገብ ቤት ማለት ምድር ቤት ያለች፣ መስኮቷ ጣሪያ ሥር የተወሸቀች ክፍል ናት። እዚያ የሚውል ሰው ዝናብ መዝነቡን የሚያውቀው ፋይል ሊጠይቅ የመጣ ሰው ጃንጥላ ሲያንጠባጥብ ነው። ቀያሹ ራሱ ለፋይል ሲወርድ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው አየር ያጥረዋል። ዘንጌ ግን ካርቶኖቹን እያገላበጠ ያፏጫል። ምስኪን፣ ገና አልገባውም ሲል አሰበ ቀያሹ።

የመጀመሪያው ሳምንት የታብሌቱ ነበር። ቤት ውስጥ ሲያዩት ስክሪኑ ያምራል፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ግን ከገዛ ፊትህ በቀር ምንም አያሳይም። ቀያሹ ጢሙን አስተካከለበትና "መስታወት" ብሎ ሰየመው።

ሁለተኛው ቀጭን ስልክ ነው። ፀሐይ አይበግረውም። በጓንት ሲነኩት ግን አይሰማም፤ ጠብታ ካረፈበት ያሻውን ይከፍታል፤ ባትሪውም ከምሳ በፊት ያልቃል። እሱን "እመቤት" አሉት።

ሦስተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጠርዙ ጎማ የተለበጠ ነው።

"ይሄማ የልብስ ሳሙና ነው" አለ ቀያሹ።

ሳሙና ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ ዘንጌ ሲያወጣው ይሠራል። በጭቃ ጓንት ነካው፤ ይታዘዛል። ኔትወርክ ሲጠፋ የለካውን ይዞ ይቆይና ሲመለስ ይልካል። ከጠዋት እስከ ማታ ውሎ ባትሪው ግማሽ አልጎደለም።

ይህን ሁሉ የሚሞክረው ዘንጌ ነበር። ቀያሹ የቅርብ መነጽሩን ለእንዲህ ያለ ነገር ማውጣት ስለማይወድ ከጥላው ሥር ሆኖ በእጁ ያዛል። ዘንጌም እጁ ስለተያዘበት ሳሙናን ዘንጉ አናት ላይ በሲባጎ አስሮት ይዞራል።

"በእጅ የሚያዝ ነው የተባለው እኮ" አለው ቀያሹ ምሳ ላይ።

"ከፍ ሲል ኔትወርኩ ይሻለዋል፣ ጋሼ። ደግሞ ሥሩ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው።"

"ስንፍና ነው ይሄ።"

ዘንጌ ሳቀና ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ትልቁን ሰጠው።

ዓርብ ቀያሹ ሪፖርቱ ፊት ተቀምጦ ብዙ አሰበ። መስታወትን ቢመርጥ ነገሩ ይከሽፋል፤ ሁለቱም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሐሳቡ ፈተነው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት የሐሰት ቁጥር ጽፎ አያውቅም። እያዘነ ሳሙናን መረጠ። አንዴ ብዕሩን ካነሳ ደግሞ ሙገሳው ጣፈጠው። በተለይ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ወደደውና ሁለቴ አነበበው፦ "አጠቃቀሙ እጅግ ከመቅለሉ የተነሳ፣ እንኳን ቀያሽ ዘንግ ያዥም ብቻውን ይሠራበታል።"

ከቢሮ ሲወጣ ጫማ ቤት ገባ። ውስጡ ሱፍ የሆነ የቤት ጫማ አገኘ። የእሱም የዘንጌም እግር አርባ ሁለት ነው፤ ቦት ጫማቸው ሲረጥብ እየተዋዋሱ ነው የኖሩት። ስለዚህ ራሱ ለክቶት ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብሎበት ገዛው።

ሰኞ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካርቶኑን ለዘንጌ ሰጠው።

"የመዝገብ ቤቱ ወለል ይቀዘቅዛል" አለ። "እውነቱን ነው የጻፍኩት። አትቀየመኝ።"

"ምን ብዬ እቀየምዎታለሁ፣ ጋሼ? እውነት መጻፍዎ ደግ ነው" አለ ዘንጌ። ጫማውን ዳሰሰው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "የማስበው ከእርስዎ መለየቱን ነው።"

ኃላፊዋ ሁለት ደብዳቤና አንዲት ትንሽ ሣጥን ይዛ መጣች።

"ግሩም ሪፖርት ነው፣ ጋሼ" አለች። "ማኔጅመንቱ ተከራክሮ ተከራክሮ የወሰነው በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነው።"

ቀያሹ ደስ አለው። ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ የቅርብ መነጽሩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ኃላፊዋ ሣጥኗን ለዘንጌ ሰጠችው። ውስጧ አንድ ብሎን ነበር። ዘንጌ ብሎኑን ዘንጉ አናት ላይ፣ ሳሙናን ብሎኑ ላይ አዞረው፤ ልክክ አለ።

ቀያሹ ደብዳቤውን ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

ዘንጌ ዘንጉን ግድግዳ አስደገፈና የጫማውን ካርቶን በሁለት እጁ ይዞ ቀረበ።

"እንኩ፣ ጋሼ" አለ። "ደግነቱ ቁጥራችን አንድ ነው።"