ለበሽተኛዋ የመጣ ብርቱካን

ለሰፈሩ አዲስ ነኝ። ከግቢዬ ጀርባ ያለው የወጣቶች መዝናኛ ማዕከል ጫጫታ ቢያስመርረኝ ለወረዳው አቤቱታ ጻፍኩ። «እናቴ የአልጋ ቁራኛ ነች፤ እንቅልፍ አጥታለች» አልኩ። ማዕከሉ ከዚያ እንዲነሳ ተወሰነ።

ቅዳሜ ወጣቶቹ ለአዲሱ ማዕከል ማሠሪያ መዋጮ እየሰበሰቡ በሬን አንኳኩ። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ።

«ከሚያስታምም ሰው አንቀበልም፣ ጋሼ» አለች ሰብሳቢያቸው ትርሲት፣ አንድ ፌስታል ብርቱካን እያቀበለችኝ። «ሳናውቅ ስንረብሻቸው ከረምን። እማማን ይቅርታ ጠይቀን፣ እግዜር ይማርዎ ብለን እንሂድ።»

አንገቴን ደፋሁ።

«አሁን ገና ተኛች» አልኩ።

እንዳይቀሰቅሷት እየተንሾካሾኩ፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ቀስ ብለው እየረገጡ ወጡ።

እናቴን ከቀበርኩ አምስት ዓመቴ ነው።