አፏን ያዳለጣት ቃል

ራክሻ የሚሏት የባጃጇ ቁልፍ ሰርክአዲስ እጅ ገብቷል። ሻጩ ሽማግሌ ኦመር «ያላ፣ መብሩክ!» እያለ፣ እየመረቀ ሲያጣድፋት ገንዘቡን ከመቀነቷ ልትፈታ ጀመረች። ድንገት የባሏ ምክር ትዝ አላት፤ «ያገለገለ ነገር ስትገዢ ዕዳ እንደሌለበት ጠይቂ፤ አለዚያ አበዳሪው መጥቶ ይወስድብሻል» ብሏታል። ያለቻትን ዐረብኛ አሰባስባ፣ ዐይን ዐይኑን እያየች፣ «ኢንተ ማ ዒንደክ ዲን?» አለችው።

የሽማግሌው ፈገግታ ከፊቱ ጠፋ። ቁልፉን ከመዳፏ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው።

«ዲንማ አለኝ፣ ልጄ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ራክሻዋ ግን ያልተከፈለ ብድር አለባት። ገንዘብሽን ያዢ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ሰርክአዲስ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ዕዳ በዐረብኛ «ዴን» ነው፤ እሷ አፏን አዳልጧት «ዲን» ብላለች። ዕዳ የለብህም ወይ ልትለው ፈልጋ፣ ሃይማኖት የለህም ወይ ብላው ኖሯል!

«ተመስገን! እንኳንም ዐረብኛው አልገባኝ» አለች በልቧ፣ መቀነቷን መልሳ እያጠበቀች። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞር ብላ፣ ይህችንም እንዳታበላሻት ቃሏን እየለቀመች፣ «ሹክራን፣ ያ ሐጅ» ብላ አመሰገነችው።