ባዶውን የሚመለስ ሳህን

በሂማላያ ተራሮች ተበታትነው የነበሩትን ሸለቆዎች አንድ አድርገው የቡድሃ እምነት መንግሥት ያቆሙት መነኩሴ ንጉሥ፣ በገዳም ሱባዔ ከገቡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆናቸው። በሱባዔ ክፍላቸው በር ላይ ባለው ጠባብ መስኮት ምግባቸውን የሚያቀብለው አገልጋይ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም። ግን መንገደኛ ነጋዴ ሁሉ “ለመሆኑ ንጉሡ ደህና ናቸው?” ብሎ ሲጠይቀው፣ “ምን ይሆናሉ? የበሉበትን ሳህን ዛሬ ጠዋት ያጠብኩት እኔ ነኝ” ይል ነበር። ወሬው አገር ላገር ይዞራል፤ ጠላትም ይህን እየሰማ ድንበር ለመድፈር ያመነታል።

ሰሞኑን ግን የገብስ ቆሎው ሳይነካ ይመለስ ጀመር። አገልጋዩ ጭንቀቱን መቻል ቢያቅተው ለገዳሙ አለቃ ነገራቸው።

“ጌታዬ፣ ንጉሡ ሳይታመሙ አይቀሩም።”

አለቃው ትክ ብለው አዩት። “ለማን ተናገርክ?”

“ለማንም።”

“እንግዲያው ሳህኑን ይዘህ ግባና እያቸው” ብለው በሩን ከፈቱለት።

አጎንብሶ ገባ። ዙፋኑ ላይ ካባ ብቻ ተዘርግቷል። ከሥሩ፣ ከእሱ በፊት ሳህን ያመላልስ የነበረውና ሩቅ ገዳም ሄደ የተባለው ሽማግሌ ዋንግዱ ተቀምጧል።

“ንጉሡስ?”

“በገቡ በሳምንታቸው አረፉ።” ዋንግዱ ጥርስ የሌለው አፉን ከፍቶ አሳየው። “ቆሎ መቆርጠም አቃተኝ፣ ልጄ።”

ከኋላው የበሩ መቀርቀሪያ ከውጭ ተቀረቀረ።

“በል ጨርሰህ ብላ” አለው ሽማግሌው። “አዲሱ አገልጋይ እንዳንተ እንዳይጨነቅ።”