ከማኅበረሰባችን ማንም

እትዬ በፋሻ የተጠቀለለ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ በግራቸው ንጹሕ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ያኖራሉ። ማመልከቻ ጻፍልኝ ነው የሚሉኝ። ስድስት ዓመት ይህን የዩኒቨርሲቲ ቢሮ ሲያጸዱ አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

የቀጠራቸው የጽዳት ድርጅት ዛሬ ጠዋት አሰናብቷቸዋል። ማክሰኞ ቤተ ሙከራው ውስጥ እሳት ሲነሣ ነው የተቃጠልኩት ቢሉ ማን ይስማቸው። ቤትሽ ምድጃ ላይ ነው አሏቸው። የዩኒቨርሲቲውን መግለጫ አውጥተውም አነበቡላቸው፤ የተጎዳ የለም ይላል።

"ፕሬዚዳንቱ አላዩኝም ይሆናል" ይላሉ እትዬ። "ቢያዩኝማ ይጽፉ ነበር።"

ከመግለጫው ሥር የፈረሙት ፕሬዚዳንቱ ናቸው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። እጃቸው ላይ ውሃ ያፈሰስኩት፣ ደግፌ ክሊኒክ ያደረስኳቸውም እኔው ነኝ።

"አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተጎድታለች" ብዬ ነበር መጀመሪያ፤ እግዜር ያውቃል፣ ብዬ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በቀይ እስክሪብቶ ከበቡትና የእኛ ሠራተኛ ናት ወይ አሉኝ። የኮንትራት ናት አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሴ ሙያ ነው፦ "ከማኅበረሰባችን ማንም አልተጎዳም።" ጎበዝ አሉኝ። ደስ አለኝ እኮ! አሁን ቀና ብዬ እትዬን ማየት አቅቶኛል።

ማመልከቻውን እጽፋለሁ። መጻፉንማ ማን ብሎኝ። ስጨርስ በግራ እጃቸው ጣት ግርጌውን ያሳዩኛል።

"እዚህ ጋ ምስክር ሁነኝ፣ ልጄ። ስቃጠል ካንተ ሌላ ያየኝ የለም።"

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ስሜን ብጽፍ ነገ ፕሬዚዳንቱ ፊት እቆማለሁ፤ ከነገ ወዲያ ይህ ወንበር የሌላ ሰው ነው።

"ምስክር እንኳን አያስፈልገውም፣ እትዬ" እላለሁ። "ማመልከቻው ይበቃል።"

ያምኑኛል። እጅህ ይባረክ ብለው ወረቀቱን አጥፈው ጉያቸው ይከታሉ። ሊወጡ ሲሉ ዓይናቸው የቆሻሻ ቅርጫቴ ላይ ያርፋል። እሳቸው ከቀሩ ወዲህ የደፋው የለም፤ ሞልቶ ተርፏል። ውይ፣ ይሄን ሁሉ ታቅፈህ ነው የምትውለው ይሉኛል።

ይተዉት ለማለት አፌን ስከፍት በግራ እጃቸው አንሥተውታል። ከላይ፣ በቀይ የተከበበበት የመግለጫው ረቂቅ ተጨማዶ ይታያል። እትዬ እንዳይወድቅ በፋሻ በተጠቀለለው እጃቸው ጫን አድርገው ይዘውት ይወጣሉ።