የስምንት ዓመት ፀጉር

«ላጨው» አለኝ ባምላክ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠ። «ሁሉንም። ጺሜንም።»

መቀሱን አስቀምጬ አየሁት። ቢያዝን የሚባለው ወንድሙ በእርሻ ወሰን ጠብ በአንዳርጋቸው ጥይት የወደቀ ዕለት «ደሙን ሳልመልስ አልላጭም» ብሎ ምሎ፣ ይኸው ስምንት ዓመት ፀጉሩን ብረት ነክቶት አያውቅም። አምባ ጊዮርጊስ ውስጥ ባምላክን ሰው የሚያውቀው በፊቱ ሳይሆን በጎፈሬው ነው። እኔም ፀጉር አስተካካይ ነኝና ባለፈ ባገደመ ቁጥር «ምነው፣ እንጀራዬን ዘጋህብኝ እኮ!» እያልሁ እቀልድበት ነበር።

ዛሬ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። «ይቅር አልኸው ማለት ነው?» አልሁት በደስታ።

አንገቱን ለመቀሱ ዝቅ አደረገልኝ። እሺ እንዳለኝ ቆጥሬ መቁረጥ ጀመርሁ።

ደስ ያለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ሊያስረክቡ ሦስት ቀን ሲቀራቸው በፈረሙት የይቅርታ ዝርዝር ውስጥ የአንዳርጋቸው ስም አለበት፤ ዛሬ ከጎንደር በአውቶቡስ ይመጣል። አገሩ ጉድ ይላል። ነፍሰ ገዳይ ለይቅርታ የሚቀርበው ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቁን ሦስት ሽማግሌዎች ሲፈርሙለት ነው። እርቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ፈርመዋል። አንዱ እኔ ነኝ። የአንዳርጋቸው እናት እግሬ ላይ ወድቃ ስታለቅስ አንጀቴ አልቻለም፤ ወረቀት ነው፣ ማን ያየዋል ብዬ ፈረምሁ። አሁን ባምላክ ከታረቀ ውሸቴም እውነት ሊሆን ነው።

ጺሙን በምላጭ ጨርሼ መስተዋቱን ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዙሮ አየ። እኔም አየሁት። መንገድ ላይ ባገኘው ማንነቱን ሳልለይ አልፋለሁ።

«አያ ገብረ ኪዳን፣ አንዳርጋቸው ያን ጎፈሬ እያየ ከማኪና የሚወርድ ይመስልሃል?» አለኝ ቀስ ብሎ።

መስተዋቱን ከእጁ ተቀበልሁ።

«ፊርማህን አሳይተውኛል። ባንተ ክፉ አላስብም። ያን ጊዜ በእጅህ ዋሸህ፤ ዛሬ ደግሞ አፍህን ያዝ።»

ተነስቶ ጋቢውን ሲደርብ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አየሁ። ይኸኔ በሩ ላይ የአንዳርጋቸው እናት፣ እትየ አማረች፣ አዲስ ነጠላዋን ለብሳ ቆመች።

«ገብረ ኪዳን፣ የጎንደሩ ማኪና ገባ?» አለችና ባምላክን አየችው። ያን ጎፈሬ ከሩቅ ባየች ቁጥር መንገድ ስትቀይር የኖረች ሴት ፈገግ አለችለት። «ሸጋ ተላጭተሃል፣ የኔ ልጅ። እስቲ እስከ መናኸሪያው ደግፈኝ፤ ከደስታዬ ብዛት ምርኩዜን ረስቼ ወጥቻለሁ። ልጄንም አሳይሃለሁ።»

«እሺ እናቴ» አለና ክንዱን ሰጣት።

ስሙን ብጠራው ይበቃል። «ባምላክ» ብል ክንዱን ለቃ ትጮሃለች። ያን ጊዜ ሽጉጡም እዚሁ ይወጣል፣ የፈረምሁትም አደባባይ ይወጣል። አፌን ከፈትሁ፤ ስሙን ግን አልጠራሁትም። ክንድ ለክንድ ተያይዘው ገበያውን ሲያቋርጡ ከጀርባ እናትና ልጅ ይመስላሉ።

ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጡሩንባ ተሰማ።

መጥረጊያውን አነሳሁና ፀጉሩን መጥረግ ጀመርሁ። ብዙ ነበር።