ክላይድ ከኤልክ ፎርድ

ጋዜጠኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ሲመጡ ኮልቢ ኪስለር ገና አስራ አራት ዓመቱ ነበር። ጥርሱ ላይ የማቅኛ ሽቦ ነበረው። እናቱ ማርሊን የፖም ኬክ ቆርሳ አስተናገደቻቸው። በሳምንቱ ልጇ በኦሃዮ ካሉ ታዳጊ የአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባኮች ሁሉ አንደኛ ነው ተብሎ ተጻፈ።

በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ የሚማርበትን ዩኒቨርሲቲ ቡድን መምራት ጀመረ። ኳርተርባክ ነውና ሞላላዋን ኳስ ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውራት በሦስት ሰከንድ የሚወስነው እሱ ነው። ቡድኑ ሲያሸንፍ የሚወደሰው፣ ሲሸነፍ የሚረገመውም እሱ። ኤልክ ፎርድ ከተማ መግቢያ ላይ ቤት የሚያክል ፎቶው ተሰቀለ። ማርሊን የትምህርት ቤት አውቶቡሷን ስትነዳ በቀን አራት ጊዜ በልጇ ፊት ሥር ታልፋለች።

በዚያ ዓመት ቡድኑ አራት ጊዜ ተከታትሎ ተሸነፈ። የሰው ፊት ወዲያው ዞረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ ይቀመጡ የነበሩ ባልና ሚስት ወንበር ቀየሩ። ስታዲየሙ ውስጥ ሰማንያ ሺህ ሰው በልጇ ላይ ጮኸ።

ከሁሉም የባሰው ግን ክላይድ ነበር።

ሰኞ ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሪክ ዳንሊ የሚባል ጋዜጠኛ በሬዲዮ የአድማጮችን ስልክ ይቀበላል።

“ክላይድ ነኝ፣ ከኤልክ ፎርድ” አለ አንድ ጎርናና ድምፅ፣ ሲጋራ ጉሮሮውን የጨረሰው ሰው ዓይነት። “ይሄ ልጅ አይሆንም። አውጡት።”

“ምነው ክላይድ፣ ያገርህ ልጅ አይደል እንዴ?” አለ ሪክ እየሳቀ።

“ያገሬ ልጅ ስለሆነማ ነው። ከጨዋታ በፊት ሽንት ቤት ገብቶ እንደሚያስመልሰው ታውቃላችሁ? እጁ ይንቀጠቀጣል። ፈሪ ነው። ለእሱም ለእናንተም ሲባል ይቀመጥ።”

በአውቶቡሷ ሬዲዮ ትሰማ የነበረችው ማርሊን መንገድ ዳር ይዛ ቆመች። ኮልቢ ይህን የነገራት በሐምሌ ነው፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል አስምሎ። እሷም የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለባሏ ለቬርን።

ቬርን በቆሎ ገበሬ ነው፤ ቃል የሚወጣው በመከራ። ያኔ በሐምሌ ኮልቢ ጋራዥ ገብቶ “አባዬ፣ ባቆመውስ?” ብሎ ጠይቆት ነበር። ቬርን ከትራክተሩ ሞተር ቀና እንኳ ሳይል “የኪስለር ዘር የጀመረውን አይተውም” አለው። ከዚያ ወዲህ በአባትና በልጅ መሃል ከአየሩ ጠባይ ያለፈ ወሬ አልነበረም።

ማርሊን ደግሞ አንድ ነገር ልብ አለች። ሰኞ ሰኞ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቬርን ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ ፒካፑን አስነስቶ ወደ ማሳው ጫፍ ይሄዳል።

እሁድ ኮልቢ ደወለ።

“ድምፅህ ምን ሆኗል?” አለችው።

“ጉንፋን ነው፣ እማ።”

“ያንን ክላይድ የሚባል እርጉም ባገኘው አንቀው ነበር!”

“ተይው እባክሽ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል።”

“የምን እውነት? ጠላትህ እኮ ነው!”

“አባዬስ? ሬዲዮ ይሰማል?”

“አባትህን አታውቀውም? ከሬዲዮ ጋር ምን አለው።”

“እሺ እማ” ብሎ ዘጋው።

ክላይድ በየሳምንቱ መደወሉን ቀጠለ። ቃሉን ጋዜጦች አነሱት፤ ከጋዜጣ ወደ ስታዲየም ወረደ። “አውጡት! አውጡት!” እያለ ሕዝቡ ዘመረበት። አንድ ቀን ማርሊን በከተማው መግቢያ ስታልፍ የልጇ ፊት ላይ ጥቁር ቀለም ተደፍቶበት አየች። አውቶቡሱ ውስጥ የነበሩት ሕፃናት ሳቁ።

ያን ዕለት እራት ላይ ዓይኗን ከባሏ አልነቀለችም።

“ሰኞ ሰኞ የት ነው የምትሄደው?”

“አጥር ለማየት።”

“አጥር የሚታየው በስልክ ነው?”

ቬርን ሳህኑን ገፋ አድርጎ ተነሣ።

በሚቀጥለው ሰኞ ማርሊን የከሰዓት ፈረቃ ልጆችን ትምህርት ቤት አድርሳ ስትመለስ አውቶቡሱን መንገድ ዳር አቆመችና የታጨደውን ማሳ በእግሯ አቋረጠች። የበቆሎው ጉቶ ቁርጭምጭሚቷን ጫረው። አልተሰማትም። ፒካፑ ማሳው ጫፍ ቆሟል። ቬርን ጀርባውን ሰጥቷት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ተቀምጧል።

በሩን በርግዳ ስልኩን ነጠቀችው።

“አንተ ነህ! የገዛ ልጅህን! ሰው ሁሉ የሚወግረው አንሶት አንተ ትጨምርበት?”

ስልኩን አየችው። የተደወለው ኮልቢ ጋ ነበር፤ የሚያነሳ የለም።

የፒካፑ ሬዲዮ ተከፍቷል። ያ ጎርናና ድምፅ፣ አፉ የተዘጋው ባሏ ፊት ለፊቷ እንደ ተቀመጠ፣ ይናገር ነበር፦ “... አሰልጣኙ ይስማኝ። ልጁን አውጡትና ወደ ቤቱ ስደዱት። እባካችሁ።”

ማርሊን በሩን ተደገፈች።

“ታዲያ... ታዲያ ይሄ ማነው?”

ቬርን ፊቱን አዞረላት። እንባው እስከ አገጩ ወርዶ ነበር።

“የወለድሽውን ልጅ ድምፅ አታውቂም፣ ማርሊን?”